የቻይናውን ዲፕሲክ የደንበኛ ምስጢር ሳታወጡ በቢሮ እንዴት ትጠቀማላችሁ?

የሀንጁው ኩባንያ ዲፕሲክ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 አር1 የተባለውን የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሞዴል (ለጥያቄ መልስ የሚያዘጋጀውን ክፍል) ከለቀቀ ወዲህ አሜሪካ ባሉ የእኛ ሰዎች ትናንሽ ቢሮዎች ሁለት ዓይነት ሰው ይገጥመኛል። አንዱ «የቻይና ነው፣ እንዳትነኩት» ይላል። ሌላው የደንበኛውን የታክስ ወረቀት እንዳለ ስልኩ ላይ ባለው የዲፕሲክ አፕ ይለጥፋል። ሁለቱም አፑንና ሞዴሉን አልለዩም።

አፑ ላይ የምትጽፉት ሁሉ ቻይና ውስጥ ባሉ ሰርቨሮች እንደሚቀመጥ ኩባንያው ራሱ በደንቡ ጽፏል። የቻይና የ2017 የስለላ ሕግ ደግሞ ድርጅቶች ለመንግሥት የስለላ ሥራ እንዲተባበሩ ያስገድዳል። በዚያው ጃንዋሪ ዊዝ የተባለው የደኅንነት ተቋም፣ የሰዎች ጭውውት ጭምር ያለበትን የዲፕሲክ ዳታቤዝ ያለ ይለፍ ቃል ክፍት ሆኖ አግኝቶታል። ጣሊያን አፑን ያገደችው፣ አውስትራሊያም ከመንግሥት ስልክና ኮምፒውተር ያስወጣችው በእነዚያው ሳምንታት ነበር። ሞዴሉ ግን ፋይል ነው። ኤምአይቲ በሚባለው ክፍት ፈቃድ ተለቋል፤ አውርዳችሁ ራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ልታሠሩት ትችላላችሁ። የሚከተለው የዚህኛው መንገድ ነው።

1. ሥራችሁን በሦስት ለዩ። ማንም ቢያየው ግድ የሌለው፣ የቢሮው ብቻ የሆነ፣ የደንበኛ የሆነ። ይህ ሳይለይ ምንም አትጫኑ።

2. መጠን ምረጡ። ሙሉው አር1 671 ቢሊዮን ፓራሜትር (የሞዴሉ መጠን የሚለካባቸው ቁጥሮች) አለው፤ ተጨምቆም ወደ 400 ጊጋባይት ስለሚጠጋ ለተራ ቢሮ አይሆንም። በዚሁ ስም የምታገኟቸው የ7፣ የ14 እና የ32 ቢሊዮኖቹ በመሠረቱ የአሊባባ ኩዌን ሞዴሎች ናቸው፤ በአር1 መልሶች የሠለጠኑ። የ14ቱ 9 ጊጋባይት ያህል ነው፤ 16 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ይሠራል፣ የእኔም ምርጫ እሱ ነው። አማርኛ ላይ ደካማ ስለሆነ የእንግሊዝኛ ሰነድ ለማሳጠር ተጠቀሙበት እንጂ አማርኛ ደብዳቤ አታጽፉት።

3. አውርዱ። ሞዴል አውርዶ በራሳችሁ ኮምፒውተር የሚያሠራው ኦላማ የተባለው ፕሮግራም ከሁሉም ይቀላል። ሞዴሎች ከሚለጠፉበት ሀጊንግ ፌስ ከሚባለው ድረ ገጽ የምታወርዱ ከሆነ ከኩባንያው ከራሱ ገጽ ብቻ ውሰዱ፤ ፋይሉም ኮድ የማያስኬደው ሴፍቴንሰርስ የሚባለው ዓይነት ይሁን። ፒክል የሚባለው የፋይል ዓይነት ገና ሲከፈት ኮድ ማስኬድ ይችላል።

4. በሩን ዝጉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

መጀመሪያ የሞዴሉን ስም እዩ። ኦላማ ውስጥ ስማቸው ላይ «ክላውድ» የሚል ያለባቸው ሞዴሎች እናንተ ኮምፒውተር ላይ አይሠሩም፤ ጥያቄያችሁ ወጥቶ ነው የሚሄደው። ቀጥሎ ዋይፋዩን አጥፉና አንድ ጥያቄ ጠይቁት። ከመለሰ እዚያው እየሠራ ነው። ይህ ፈተና ግን ያለ ኢንተርኔት መሥራት መቻሉን እንጂ፣ ኢንተርኔት ሲኖር ፕሮግራሙ ምንም እንደማይልክ አያረጋግጥም። ስለዚህ በኮምፒውተሩ ፋየርዎል (የኔትወርክ ግንኙነትን በሚፈቅደውና በሚከለክለው መቆጣጠሪያ) የፕሮግራሙን ወጪ ግንኙነት ዝጉ። የደንበኛ ሰነድ የሚነካ ማሽን ከሆነ ደግሞ ተጭኖ ካለቀ በኋላ ጭራሹን ከኢንተርኔት ቢለይ እመርጣለሁ።

ከዚያ ባልደረቦች «እኛም እንጠቀም» ይላሉ። ኦላማ እንደተጫነ የሚመልሰው በፖርት (በኔትወርክ መግቢያ ቁጥር) 11434 ለራሱ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ለማጋራት ኢንተርኔት ላይ የሚሰጠው ምክር አድራሻውን 0.0.0.0 አድርጉት የሚል ነው። ይህ ኔትወርኩ ላይ ላለ ሁሉ ይከፍተዋል፤ ኦላማ ደግሞ በራሱ የይለፍ ቃል አይጠይቅም። ከቻይና ለመጠበቅ ብለው ሞዴሉን ያወረዱ ሰዎች፣ ከቤት ለመሥራት ሲሉ ራውተሩ ላይ ያንን ፖርት ከፍተው ለዓለም ሁሉ ሲያጋልጡት አይቻለሁ። ራውተሩ ላይ ምንም ፖርት አትክፈቱ። ፋየርዎሉ የቢሮውን ማሽኖች ብቻ ያስገባ፤ ከቤት የሚሠራ ሰው በቪፒኤን፣ ማለትም በተመሰጠረ የግል መስመር፣ ይግባ። የምትጽፉት ታሪክ ዲስኩ ላይ ስለሚቀር ዲስኩንም በምስጢር ቁልፍ ቆልፉት።

5. በራሱ እንዲሠራ ሥልጣን አትስጡት። በሩን መዝጋት ሞዴሉ ውስጥ ያለውን አይለውጥም። ስለ ታይዋን ወይም ስለ 1989ኙ ቲያናንመን ጠይቁት፤ የቤጂንግን አቋም ሲደግም ወይም ሲሸሽ ታያላችሁ። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በሴፕቴምበር 2025 ባወጣው ፍተሻ፣ ዲፕሲክ ላይ የተሠሩ ኤጀንቶች (በሰው ፈንታ ሥራ የሚሠሩ ፕሮግራሞች) በሰነድ ውስጥ የተደበቀ ክፉ ትእዛዝን ከአሜሪካ ሞዴሎች ይልቅ በብዙ እጥፍ ይፈጽማሉ ብሏል። ኢሜይል እንዲልክ፣ ፋይል እንዲሰርዝ፣ ባንክ እንዲነካ አታድርጉ። የጻፈላችሁን ኮድ ሰው ሳያነበው አታስኪዱ።

ማሽን ከሌላችሁ ይኸው ሞዴል በሁለቱ ኩባንያዎች የኪራይ ሰርቨሮች፣ በማይክሮሶፍት አዡርና በአማዞን ቤድሮክ፣ ይገኛል፤ ዳታችሁም ለዲፕሲክ አይላክም። ውላቸውን ግን አንብቡ። አዲስ አበባ ላለ ቢሮ ይህ መፍትሔ ሙሉ አይደለም፦ ቤጂንግም የአሜሪካዋ ቨርጂኒያም ለኢትዮጵያ ውጭ አገር ናቸው፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ዳታ ወደ ውጭ ስለማስተላለፍ የራሱ ግዴታ አለው።

በመጨረሻ የዲፕሲክን አፕ ከሠራተኛው ስልክ ሁሉ አስጠፉ፤ ካልጠፋ ሰነዱ በዚያው ይወጣል። ኦላማን ባሳደሳችሁ ቁጥርም አራተኛውን ደረጃ እንደገና ፈትሹ።