ቅጥያ ሲጨመር ቃሉ እንዴት ይጻፋል?

«ቤት»ን ስናበዛ «ቤትኦች» ብለን አንጽፍም፤ «ት» ራሷ «ቶ» ትሆንና «ቤቶች» እንላለን። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ቅርጽ ስለሚይዝ፣ በአናባቢ የሚጀምር ቅጥያ ሲመጣ የቃሉ መጨረሻ መልኩን ይቀይራል። ስለዚህ መጀመሪያ ቃሉ በምን ፊደል እንደሚያልቅ እንይ።

መጨረሻው ሳድስ (እንደ «ት» ያለ ስድስተኛው ቅርጽ) ከሆነ አናባቢው እዚያው ፊደል ውስጥ ይገባል፦ ለብዙ ቁጥር ሳብዕ፣ «ቤቶች»፤ የታወቀውን ለመጥቀስ ካዕብ፣ «ቤቱ»፤ የ«እኔ» ሲሆን ኃምስ፣ «ቤቴ»።

ሳድስ ካልሆነ ፊደሉ ሳይነካ ሌላ ይከተለዋል፦ በሬዎች፣ በሬው፣ በሬዬ። በራብዕ የሚያልቁት ግን ሁለት ዓይነት ብዙ ቁጥር አላቸው፤ «ውሻዎች»ም «ውሾች»ም ይባላል። እኔ አጭሩን እመርጣለሁ። የትኛውም ይሁን፣ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አይቀላቀል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ው» እና «ዉ» ላይ ነው። «በሬው» የሚጻፈው በሳድሱ ነው፤ «በሬዉ» ስህተት ነው፤ «ነዉ»ም እንደዚሁ። «ሰው» ግን ራሱ በሳድስ ስለሚያልቅ እንደ «ቤት» ይታያል፤ «ት» «ቱ» እንደሆነች ሁሉ «ው»ም «ዉ» ትሆናለች። «ሰው መጣ» ካልን የመጣው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ «ሰዉ ሁሉ መጣ» ስንል ግን የምናወራለት ሕዝብ ነው። ስናነበው እምብዛም አይለይም፤ ችግሩም ይኸው ነው።

ለሴት ባለቤትነት «ቤትዋ» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ «ት»ንና «ዋ»ን በአንድ ቅርጽ የያዘው ዲቃላ ፊደል «ቷ» እያለ «ቤቷ» ማለቱ ይቀላል። «የ» ዲቃላ ስለሌለው «ፀሐይዋ» እንደዚያው ይቀራል።

ቅጥያዎቹ ሲደራረቡ ተራ አላቸው። ብዙ ቁጥሩ ይቀድማል፣ ባለቤቱ ይከተላል፣ ተሳቢውን የምታሳየው «ን» መጨረሻ ላይ ትመጣለች፦ ልጅ፣ ልጆች፣ ልጆቻችን፣ ልጆቻችንን። ሁለት «ን» ተከታትሎ ሲታይ ትርፍ ስለሚመስል አንዱ ይቆረጣል፤ መቆረጥ ግን የለበትም። የመጀመሪያው የ«እኛ» ነው፣ ሁለተኛው የተሳቢው፤ «ልጆቻችንን እንወዳለን» ነው የሚባለው።

ከግዕዝ የመጡት «ቃላት»፣ «መምህራን» እና «ካህናት» አስቀድመው በዝተዋል። «ቃሎች» ማለት ይቻላል፤ «ቃላቶች» ግን ካባ ላይ ካባ መደረብ ነው።