ቸርኬው እንዲጸዳ፣ ፍሬኑ እንዳይከዳ፦ ለደሴ–ኮምቦልቻ ቁልቁለት የፍሬን ሸራ አመራረጥ

መኪናዬ አምስተኛው ትውልድ ጎልፍ ጂቲአይ ናት፤ ባለ 2 ሊትር ቱርቦ ሞተር፣ 200 የፈረስ ጉልበት፣ ማንዋል ካምቢዮ። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ በሳምንት ስድስት ቀን እወርድባታለሁ፣ እወጣባታለሁ። እሁድ አሳጥቤያት ማክሰኞ ማታ የፊት ሁለቱ ቸርኬዎች ከሰል የተነሰነሰባቸው ይመስሉ ነበር። ላቫጆ ያለው ልጅ አንድ ቀን ብሩሹን ይዞ ቁጢጥ እንዳለ «ጋሼ፣ ይቺ መኪና በቤንዚን ነው በከሰል የምትሄደው?» አለኝ።

ጥቁሩ ዱቄት ከሸራው ብቻ የሚመጣ ይመስላችሁ ይሆናል። ማግኔት በፌስታል ጠቅልሉና ቸርኬው ላይ አስኪዱት፤ ፌስታሉ ጢም ያበቅላል። ብረት ነው። የአውሮፓ መኪኖች ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡት ሸራ ብዙውን ጊዜ የብረት ቃጫ ያለበት ነው፤ የሚይዘውም ዲስኩን፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት፣ እየፋቀ ነው። ስለዚህ ሸራውም ዲስኩም አብረው ይፈጫሉ። ፍም ሆኖ የወጣው ብናኝ ቸርኬው ቀለም ላይ ይጣበቃል፤ የደሴ ጉም ሲያርስበት ደግሞ ይዝግና ቡናማ ነጠብጣብ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ በሳሙና አይለቅም።

ሴራሚክ የሚባለው ሸራ አሠራሩ ሌላ ነው። ከራሱ ስስ ሽፋን ዲስኩ ላይ ይለቀልቅና ሽፋኑ ከሸራው ጋር እየተያያዘ ያቆማል። ፍቀቱ ትንሽ ነው፤ የሚወጣውም ብናኝ ነጣ ያለና በቀላሉ የሚታጠብ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ብረት የሌለበት ለስላሳው ሸራ ነው፤ ዱቄቱ ያንሳል፣ ድምፅ የለውም፣ ዋጋውም ረከስ ይላል። ከተማ ውስጥ ለምትዞር ትንሽ መኪና ይበቃል። እኔን የሸወደኝ እሱ ነው።

ከአንድ መደብር «ዱቄት የሚባል አታይም» ተብዬ ገዛሁት። እውነትም ሦስት ሳምንት ቸርኬዬ እንደ ሰርግ ሸክላ አበራ። ከዚያ በክረምት አንድ ጠዋት ሦስት ሰው ጭኜ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ዶሮ መዝለያ የሚባለው የመንገዱ ክፍል ላይ ጉም ውስጥ ገባሁ። ከፊቴ የጫነ ሲኖትራክ እየተንፏቀቀ ነው። እግሬን ከፔዳሉ ሳላነሳ ብዙ ሄድኩ። መጀመሪያ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተኝ። ቀጥሎ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ደረቀ፤ በሙሉ ኃይሌ እረግጣለሁ፣ መኪናዋ ግን አልሰማ አለች። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ሳብኩ። ከሲኖትራኩ ኋላ ሁለት ስንዝር ሲቀረኝ ቆምኩ። ኋላ የተቀመጡት እናት ያሉትን ዱዓ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ኮምቦልቻ መካኒኬ ጎማውን አውልቆ ሸራውን አወጣና ጥፍሩን አስኬደበት። ጥፍሩ ተንሸራተተ፤ ፊቱ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። «አብሽር፣ ፍሬንህ ደህና ነው፤ ሸራህ ነው የተኛው» አለኝ። የዚያን ቀን ያስተማረኝን ልዩነት እናንተም ያዙ፦ ፔዳሉ ደርቆ መኪናው ካልቆመ ሸራው ግሎ ከድቷል። ፔዳሉ ላልቶ ወደ ወለሉ ከሰመጠ ደግሞ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። መድኃኒታቸው የተለያየ ነው።

ቁልቁለቱን በቁጥር እንየው። ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ600 ሜትር በላይ እንወርዳለን። ሰው የጫነች 1,600 ኪሎ መኪና ያንን ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት አንድ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ነፋሱና ሞተሩ የሚወስዱት ድርሻ አለ፤ ነጂው ማርሽ ካልተጠቀመ ግን የቀረው በሙሉ መዳፍ በሚያህሉ ሸራዎች በኩል ነው የሚያልፈው። አዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ላይ የተመሰገነ ሸራ እዚህ ሌላ ፈተና አለበት።

ስለዚህ ሻጩን «ዱቄቱ ያንሳል ወይ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ሸራውን ከካርቶኑ አውጡና ጠርዙን አንብቡ። የአሜሪካ ደረጃ የሚከተሉት ላይ ከኮዱ መጨረሻ ሁለት የፈረንጅ ፊደል አለ፤ የመጀመሪያው መደበኛ ሙቀት ላይ፣ ሁለተኛው ሲግል ያለውን አያያዝ ይነግራል። በሰበቃ ልክ (ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር አያያዙ ይጠነክራል) «ኢ» ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45፣ «ጂ» ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። ሁለተኛው ፊደል ከመጀመሪያው ካነሰ ያ ሸራ ሲግል የሚደክም ነውና ተዉት። እኔ ከ«ኤፍ ኤፍ» በታች ጎማዬ ውስጥ አይገባም። ፊደሉ የዱቄቱን መጠን አይናገርም፤ ስለ ዱቄቱ የምታውቁት ከሸራው ዓይነት ነው። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው ላይ ደግሞ ክብ ውስጥ ያለ «ኢ» እና «90 አር» የሚል ኮድ ፈልጉ፤ አያያዙ ከፋብሪካው ሸራ በ15 በመቶ ክልል ውስጥ መሆኑ ተፈትኗል ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ ኖሮ ሸራው ብረት ላይ ከሌለ ፎርጅድ ነው ብዬ ትቼ እወጣለሁ።

እነ ኤቲኢ፣ አኬቦኖና ኢቢሲ ዱቄታቸው የቀነሰ ሴራሚክ ሸራዎች ይሠራሉ። ለፈጣን መኪና የታሰበውን ምረጡ፤ ለቤተሰብ መኪና የተሠራውን አይደለም። የውድድር ሸራ የሚያመጣላችሁ ወዳጅ ቢኖር አመስግናችሁ መልሱለት፤ ሳይግል አይነክስም፣ ያፏጫል፣ ዱቄቱም የባሰ ነው። ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችንን መኪና ዲስክ ጭምር መጠበቅ አለብን፤ ሴራሚኩ ዲስክ ብዙ ስለማይበላ እዚህ ላይ ይክሳል።

የሚቆሽሸው የፊቱ ብቻ ስለሆነ የፊቱን ብቻ ልቀይር ማለት ይመጣል። እኔም አስቤው ነበር። የፊቱ አያያዝ ከኋላው ካነሰ ግን በዝናብ ስትረግጡ የኋላው ቀድሞ ሊይዝና መኪናውን ጅራቷን ሊያስወዛውዛት ይችላል። አራቱንም በአንድ ዓይነት ቀይሩ።

ዲስኩን ሳይለኩ ሸራ መግጠም ገንዘብ መድፋት ነው። ዝቅተኛው ውፍረት ዲስኩ ላይ ተቀርጿል፤ የእኔ የፊቱ አዲሱ 25 ሚሊ ሜትር ነው፣ 22 ሲደርስ ይጣላል። ውፍረቱ ደህና ከሆነም የአሮጌው ሸራ ቅሪት ላይ አዲሱን አትግጠሙ፤ ሴራሚክ ሽፋኑን የሚለቀልቀው ንጹሕ ብረት ላይ ነው። በብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። በኮምፕረሰር አታስነፉት፤ ብናኙ ሳንባችሁ ውስጥ ነው የሚገባው።

ስትገጥሙ ካሊፐሩን (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀውን ክፍል) በጎማ ቱቦው አታንጠልጥሉት፣ በሽቦ እሰሩት። የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች ሙቀት በሚችል ግራሶ ቀቡ። በእኔ ጎልፍ የፊቱ ፒስተን ተገፍቶ ይገባል፤ የኋላው ግን የእጅ ፍሬኑ አብሮት ስላለ እያዞሩ ካልገፉት አይገባም። በክሪክ ሊጨፈልቀው የተነሳ ልጅ እጁን ይዤ አስቁሜያለሁ። የፍሬን ዘይቱንም አብራችሁ አስቀይሩ። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ 230 ዲግሪ ድረስ ይችላል፣ እርጥበት ሲጠጣ እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። በሁለት ዓመት አንዴ በቂ ነው።

አሁን የራሴ ፈሊጥ፦ ሸራ የማስቀይረው ኮምቦልቻ ነው እንጂ ደሴ አይደለም። አዲስ ሸራ ሳይሟሽ ቁልቁለት ላይ መልቀቅ ሞኝነት ነው። ማለዳ መንገዱ ጭር ሳለ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ከ60 ወደ 15 ኪሎ ሜትር በሰዓት መካከለኛ ርግጫ፣ ሳልቆም፣ አሥር ጊዜ ያህል እደጋግማለሁ። በጋለ ሸራ ፔዳል ረግጦ መቆም ሽፋኑን አንድ ቦታ ላይ ያትመዋል፤ በኋላ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሲያበቃ ፊቴን ወደ ደሴ አዞራለሁ። ሽቅቡ ፍሬን አይጠይቅም፣ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል፤ ደሴ ስደርስ ሸራው በልኩ ተሟሽቷል።

በማግስቱ ስወርድ ሦስተኛ ማርሽ፣ ገደል ሲበዛ ሁለተኛ። ፍሬኑን ጠንከር አድርጌ አጭር እረግጥና እለቃለሁ፤ ጋብ አድርጎ ይዞ መንሸራተት ያችን ጀሪካን መጣድ ነው። ሴራሚኩ በብርድ ማለዳ የመጀመሪያው ሁለት ርግጫ ላይ ደንዘዝ ይላል፤ ከሰፈር ሳልወጣ አሙቄው ነው የምሄደው።

ቸርኬው አሁን በአሥር ቀን አንዴ ነው የሚታጠበው፤ ያለውም ግራጫ ነገር ነው። ከቁልቁለቱ እንደወረዳችሁ ግን ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ የውሃ ጎማ ይዞ ለሚጠብቃችሁ ልጅ ቸርኬውን አታስነኩት። የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስ ሊጣመምና ሊሰነጠቅ ይችላል። «ከላይ ጀምር» በሉትና ሻይ ጠጡ። ዲስኩ አጠገብ እጃችሁን ስታቀርቡ ሙቀቱ የማይገፋችሁ ሲሆን ቸርኬውን ያጥበው።