ሠላሳ ተማሪ ሲመደብልዎ፦ ለድሬዳዋ አማካሪ መምህር

ምዝገባ እንዳለቀ ከዲፓርትመንቱ የ30 ተማሪ ስም ዝርዝር ይደርስዎታል። ብዙውን ጊዜ ያ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ይከርምና የሚወጣው ተማሪው አድና ድሮፕ (ኮርስ መጨመሪያና መቀነሻ ቅጽ) ሊያስፈርም ሲመጣ ነው። ለፊርማ የመጣ ተማሪ ስለ ችግሩ አያወራም፤ ከኋላው ሰልፍ አለ፣ ሬጅስትራርም ሊዘጋ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ተማሪዎች፣ ጎበዙንም ዝምተኛውንም፣ ከመጀመሪያው ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) በፊት እርስዎ ይጥሯቸው።

ለአንድ ተማሪ 15 ደቂቃ፣ በቀን 3 ተማሪ፤ በ10 የሥራ ቀን 30ውም ያልቃል። በቀን ከ45 ደቂቃ አያልፍም። ሰዓቱን ግን ለድሬ ሙቀት ያመቻቹት፦ ከቀትር እስከ 9 ሰዓት ድረስ የተቀጠረ ተማሪ ወይ አይመጣም፣ ወይ መጥቶ ቶሎ መውጣት ነው የሚፈልገው። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ይሻላል። ዓርብ ከ5:30 እስከ 8 ሰዓት ለጁምዓ ይተዉት። ዝርዝሩን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ብቻ አይልቀቁ፤ ዳታ የሚያልቅበት ወይም ስማርት ስልክ የሌለው ተማሪ ከሁሉም በፊት መታየት ያለበት ነው። በክፍል ተወካዩ በኩል በቃል ያስነግሩ፣ በሩም ላይ ይለጥፉት።

ተማሪው ሲገባ «ችግር አለብህ?» ብለው አይጀምሩ። መልሱ «ደህና ነኝ መምህር» ነው፤ ወሬውም እዚያው ይቆማል። ቁርጥ ያለ መልስ ያላቸውን ጥያቄዎች ይጠይቁ፦ ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ተኛህ? የት ነው የምታጠናው? ካፌ ነህ ወይስ ኖን ካፌ? ከዶርም ልጆች ከማን ጋር ነው የምትውለው? ቤተሰብ ጋ ለመጨረሻ ጊዜ የደወልሽው መቼ ነው? ከእነዚህ መካከል ብዙ የሚናገረው የካፌው ጥያቄ ነው። ኖን ካፌ የሆነ፣ ማለትም በግቢው ካፌ ከመብላት ይልቅ የምግብ ብሩን ተቀብሎ ራሱን የሚመግብ ተማሪ፣ ብሩ በወሩ አጋማሽ ካለቀበት ቁርስ ይዘላል፣ ከዚያ የጠዋት ክፍል ይቀራል። እርስዎ የሚያዩት ግን የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ ስንፍናም ይመስላል።

ለእያንዳንዱ ተማሪ ግማሽ ገጽ ወረቀት ይያዙ፦ ስም፣ መታወቂያ ቁጥር፣ ስልክ፣ የያዘው ክሬዲት፣ እሱ አደርጋለሁ ያለው፣ እርስዎ አደርጋለሁ ያሉት፣ ቀን። ብሔርና ሃይማኖት አይጻፉ። በምሥጢር የነገረዎትንም እዚያ አያስፍሩ፤ ቢሮው የጋራ ነው፣ ወረቀት ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ይረሳል። «እርስዎ አደርጋለሁ ያሉት» የሚለውን መስመር አይዝለሉ። መምህሩ ቃሉን ረስቶ ያገኘው ተማሪ ሁለተኛ አይመጣም።

ውጤት ሲወጣ ማጽናናቱ ብቻ አይበቃም፤ ወረቀት አውጥተው አብረው ያስሉ። በመጀመሪያው ሴሚስተር 15 ክሬዲት ወስዶ 1.80 ያመጣ ተማሪ፣ በሁለተኛው 15 ክሬዲት 2.20 ካመጣ ሲጂፒኤው (የተጠራቀመ አማካይ ውጤቱ) 2.00 ይገባል። ይህ በእጅ የሚደረስበት ነው። ያው 1.80 ግን 60 ክሬዲት ከተጠራቀመ በኋላ ከሆነ፣ 2.00 ለመድረስ በቀጣዩ 15 ክሬዲት 2.80 ይጠይቃል። ልዩነቱን በቁጥር ያየ ተማሪ «በኋላ አካክሰዋለሁ» ማለት ይተዋል። የማስጠንቀቂያና የስንብት ነጥቡን ከግቢዎ የሴኔት ሕግ ላይ አውጥተው ያሳዩት እንጂ ከሲኒየሮች በሰማው አይመኑ፤ ዶርም ውስጥ የሚዞረው ቁጥር ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው።

አንድ ስሕተት ግን ከሁሉም በላይ ተማሪ ይጎዳል። የታመመ ወይም የከፋው ልጅ ለማንም ሳይናገር ሻንጣውን ይዞ አገሩ ይገባል። የዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ) ፎርም ሳይሞላ ከሄደ የያዛቸው ኮርሶች ኤፍ ሆነው ሊጠብቁት ይችላሉ፤ መመለስ ሲፈልግም በሩ ይጠብበታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ለሁሉም አንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩ፦ «ለመሄድ ብትወስን እንኳ መጀመሪያ እኔ ጋ ና፤ ፎርሙን እንሙላ፣ ከዚያ ትሄዳለህ።» ሕመም ከሆነ ማስረጃውን ከግቢው ክሊኒክ ሳያገኝ አይሳፈር።

ድሬ ላይ የሚያጋጥሙ ነገሮች

ከደጋ የመጣ ተማሪ ቀን ስለምትናደፍ ትንኝ አያውቅም። ድሬዳዋ የዴንጊንም የቺኩንጉንያንም ወረርሽኝ ያየች ከተማ ናት፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናደፈው ቀን ነው፣ የምትራባውም በተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ነው። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ዶርም ውስጥ ባልዲና በርሜል ሞልቶ ማስቀመጥ የግድ ነው፤ ክዳን ግን ይኑረው፣ በሳምንት አንድ ቀንም ባዶ ሆኖ ውስጡ ይፈግፈግ። ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም የያዘው ልጅ ከሱቅ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን ገዝቶ አይዋጥ፤ ዴንጊ ከሆነ መድማት ሊያባብስ ይችላል። ክሊኒክ ይሂድ።

ሌላው ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ነው። ደረቅ ሆኖ ስለሚከርም አዲስ ተማሪ መንገድ እንጂ ወንዝ አይመስለውም። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከተራራው ስለሆነ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ብዙ ሰው የሞተው በእንዲህ ያለ የሌሊት ጎርፍ ነው። አሸዋው ላይ ተቀምጦ ማጥናትም ሆነ ኳስ መጫወት በክረምት ይከልከል።

ጫትን በተመለከተ ስብከት አይሠራም። ከምሳ በኋላ ተጀምሮ፣ ምርቃናው እስከ ማታ ደርሶ፣ ሌሊቱ ያለ እንቅልፍ አልፎ፣ የ2 ሰዓቱ ክፍል እንዴት እንደሚጠፋ ሰንሰለቱን ከራሱ ጋር ይቁጠሩ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፦ ከጥናት ጓዱ ጋር ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ቤተ-መጻሕፍት እንዲገናኝ ያድርጉለት። ሁሉን በአንዴ ተው የተባለ ልጅ የሚተወው እርስዎን ነው።

ቋንቋም አለ። አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ በአንድ ክፍል ይሰማሉ፤ ትምህርቱ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ዝም የሚል ተማሪ አልገባውም ማለት ላይሆን ይችላል። መጀመሪያ ሐሳቡን በሚቀለው ቋንቋ ለጓደኛው ያስረዳ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ከሰሜን የመጣ ልጅ ደግሞ የከተማው ሰው «አቦ፣ አንተ!» ሲለው የተናቀ ሊመስለው ይችላል፤ የድሬ ሰው በዚህ ቃል እንደሚያቀርብ አስቀድመው ይንገሩት።

ሰዎቹን ማገናኘት

ቡና ይጥሩ። በሴሚስተር ሁለት ጊዜ፣ ማታ 11 ሰዓት፣ ጥላ ሥር። ለ30 ሰው ግማሽ ኪሎ ቡና ሦስቱንም ዙር ያደርሳል፤ ሦስት ጀበና፣ 1 ኪሎ የፈንዲሻ በቆሎ፣ ተበድረው 35 ሲኒ። ፈንዲሻ ለጾመኛም ላልጾመም ይሆናል። ረመዳን ከሆነ ከኢፍጣር በኋላ ያድርጉት፤ የሴቶች ዶርም የሚዘጋበትን ሰዓት ግን አስቀድመው ይጠይቁ። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው፤ በዚያ ሰሞን መንገዱ ይጨናነቃል፣ ብዙ ልጅም ይሄዳል፤ ዝግጅትም ሆነ ሚድ ባይኖር ይመረጣል። ወንበሩን ክብ ያድርጉት። በረድፍ ከተቀመጡ አገር ለአገር ይያያዛሉ፣ መድረኩም የእርስዎ ብቻ ይሆናል።

የጥናት ቡድን ግን ከቡና ይበልጣል። ከ1 እስከ 6 ያስቆጥሯቸው፤ ስድስት ቡድን፣ አምስት አምስት ሰው። «ብሔር ለማቀላቀል ነው» አይበሉ፤ እንዲያ ሲባል ሁሉም የብሔሩ ወኪል ሆኖ ይቀመጣል። ቡድን የሚፈርሰው በአንድ ምክንያት ነው፦ አንዱ ይሠራል፣ አራቱ ስማቸውን ያስገባሉ። መድኃኒቱ ሥራውን ማን እንደሚያቀርብ በዕለቱ በዕጣ ማውጣት ነው፤ ለወጣው ሰው 3 ደቂቃ፣ ሁለት ጥያቄ፣ ውጤቱ ለአምስቱም። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ጎበዙ ሌሎቹን ለማስረዳት ይገደዳል። እነዚሁ ቡድኖች እስከ መጨረሻው ዓመት ከዘለቁ ለኤግዚት ኤግዛምም (ለመውጫ ፈተናው) ያገለግላሉ። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፤ ያለፉ ኮርሶችን አምስት ሆነው ቢከፋፈሉ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ጥቂት ነው።

ፍሬሽማኖችን በአንድ ቅዳሜ ከተማ ያውጧቸው። ጠዋት 1 ሰዓት ከምድር ባቡር ጣቢያው ይነሱ፤ የከዚራን ሰፈር በዛፎቹ ሥር አቋርጠው፣ ደቻቱን ተሻግረው፣ መጋላ ሰፈር ገብተው ቀፊራ ገበያ ላይ ይጨርሱ። ፀሐይ ሳይከርር 3 ሰዓት ላይ ይመለሱ። ለአንድ ሰው 1 ሊትር ውኃ።

የማይታለፍ መስመር

ቢሮ ሲያነጋግሩ በሩ ክፍት ይሁን፤ ለወንድም ለሴትም። ከኪስዎ አያበድሩ፤ ዕዳ ያለበት ተማሪ ይሸሽዎታል፣ ሌላውም ይጠይቃል። ወደ ተማሪዎች ዲን ይላኩት። ትንኮሳ ወይም ጥቃት የነገረችዎትን ተማሪ እርስዎ አይመርምሯት፤ ዝርዝሩን አያስደግሟት፤ ከፈቀደች ራስዎ አብረው ሄደው የሥርዓተ ፆታ ቢሮ ያድርሷት። ቁጥር ሰጥቶ መላክ በቂ አይደለም፤ ብዙዎች በመንገድ ላይ ይመለሳሉ። ራሱን ስለ ማጥፋት የተናገረ ተማሪ ካለ ብቻውን ወደ ዶርም አይሂድ፤ ክሊኒክ እስኪደርስ ሰው አብሮት ይሁን።

ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ዲግሪ የሚሄዱ ከሆነ ግማሽ ገጽ ወረቀቶቹን ለተተኪው በእጅ ያስረክቡ፤ ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱን ተማሪ «ይህን ወረቀት ለእገሌ ልስጥ?» ብለው ይጠይቁ። እምቢ ያለውን ይቅደዱት። የተቀሩትን ከአዲሱ አማካሪ ጋር በአንድ ቡና ላይ በስም እየጠሩ ያስተዋውቁ፤ ከመሄድዎ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ፣ ተማሪው ሄዶ የሚያንኳኳው በር የትኛው እንደሆነ እርስዎ እያሉ እንዲያይ።