ኮምፒውተር ስትገጣጥሙ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ባለፈው ግንቦት አንድ የሠፈራችን ልጅ የኮምፒውተሩን ኬዝ እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ ታቅፎ በባጃጅ መጣ። «ጋሼ፣ ማዘርቦርዱ ተቃጠለብኝ» አለኝ። ዕቃው ገና ከካርቶን የወጣ ነው። የራሱን ኮምፒውተር ራሱ ገጣጥሞ ማብሪያውን ሲጫን፣ ፋኑ አንዴ ዞር ይልና ቀጥ ይላል።

ካቻቢቴ አንስቼ ማዘርቦርዱን፣ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበትን ዋናውን ሰሌዳ፣ ፈታሁት። ከሥሩ፣ ምንም ቀዳዳ በሌለበት ቦታ፣ አንዲት የናስ እግር ተተክላ የቦርዱን ጀርባ ትነካለች። ነቅዬ መልሼ አሰርኩት። ተነሣ። የተቃጠለ ነገር አልነበረም፤ ሾርት እያደረገ ነበር።

እነዚያ ትናንሽ የናስ እግሮች ሥራቸው ቦርዱን ከኬዙ ብረት ማራቅ ነው። ጨርሶ ካልተተከሉ ብረቱ የቦርዱን ጀርባ ይነካል። ያለቦታቸው ከተተከሉም ያው ነው። ኤቲኤክስ የሚባለው ትልቁ የቦርድ ዓይነት ብዙውን ጊዜ 9 የብሎን ቀዳዳ አለው፣ ትንንሾቹ ያንሳሉ። ቦርዱን ከኬዙ ጋር አስተያዩና ቀዳዳ ላለበት ብቻ እግር ትከሉ። የተረፈውን ኪሳችሁ ክተቱት።

ሌላው የኋላውን ስስ ቆርቆሮ መርሳት ነው፤ የዩኤስቢና የድምፅ መሰኪያዎቹ የሚወጡበትን። ከአንዳንድ ቦርዶች ጋር ተጣብቆ ይመጣል፣ ከሌሎቹ ጋር ለብቻው ነው። ሁሉን አስራችሁ ስትጨርሱ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ካያችሁት ከመፍታት ሌላ መድኃኒት የለውም። እኔም ተሸውጄበታለሁ። ሁለቴ።

ወደ ፓወር ሰፕላዩ፣ ለዕቃው ሁሉ መብራት ወደሚያከፋፍለው ሳጥን፣ እንምጣ። ባለ 24 ፒኑን ትልቅ ገመድ ማንም አይስተውም። የሚረሳው ከፕሮሰሰሩ (ከኮምፒውተሩ አንጎል) አጠገብ ጥግ ላይ የሚሰካው ባለ 8 ወይም ባለ 4 ፒኑ ነው። እሱ ከሌለ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ስክሪኑ ላይ የምናየውን ምስል ለሚሠራው ለግራፊክስ ካርዱም ባለ 8 ፒን ገመድ አለ፤ ቢመሳሰሉም አንድ አይደሉም። አልገባ ካለ በግድ አትግፉት። ደግሞ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ተነቃይ ገመድ ተውሳችሁ አትጠቀሙ። ጫፉ ልክክ ብሎ ይገባ ይሆናል፣ ውስጡ ግን ሌላ ነው።

አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ጀርባውን እዩ። ብዙዎቹ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ መቀያየሪያ አለ። የኛ መብራት 220 ቮልት ነው። 115 ላይ እንዳለ ከሰካችሁት ጧ ብሎ ይሰናበታችኋል። ይሄኛውን እኔ ጋ ይዛችሁ ብትመጡም ምንም አላደርግላችሁም።

ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ላይ ብዙ አልቆይም። ሁለት ራምና አራት ቀዳዳ ካላችሁ፣ አብዛኛው ቦርድ ላይ ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ላይ ይገባሉ። ቀጭ እስኪል ተጫኑት። «ስክሪኑ ምንም አያሳይም» ብሎ የሚመጣልኝ ግማሹ በደንብ ያልገባ ራም ነው።

አዳማ ላይ ግን ትልቁ ጣጣ ፋን ነው። ከከተማው ዳር ያሉት የነፋስ ተርባይኖች ያለምክንያት አልተተከሉም። ነፋሱ አቧራውን ይዞ ቤት ይገባል፣ ሙቀቱ ይጨመርበታል። ሰው ግን ፋኖቹን ሁሉ ወደ ውጭ እንዲነፉ አድርጎ ይገጥማል። ያኔ ኬዙ በየስንጥቁ አየር ይስባል፣ ከአየሩ ጋር አቧራውንም። የፊቶቹ ያስገቡ፣ የኋላው ያስወጣ። ባብዛኛው አየሩ የሚወጣው ፋኑን የያዙት የፕላስቲክ ዘንጎች ባሉበት በኩል ነው። የፊቱን ማጣሪያ አውጥታችሁ በየጊዜው አራግፉት። ደግሞ እናቶቻችን አይቀየሙኝና፣ ዳንቴሉን ከኬዙ ላይ አንሱት። ከላይ ያሉት ቀዳዳዎች መተንፈሻ ናቸው።

ያ ልጅ በሳምንቱ ደወለ። «ጋሼ፣ ግራፊክስ ካርዱ አይሠራም መሰለኝ፣ ጌም ስከፍት ይንቀራፈፋል።»

«የስክሪኑን ገመድ የት ነው የሰካኸው? ካርዱ ላይ ነው ወይስ ከላይ ማዘርቦርዱ ላይ? ማዘርቦርዱ ላይ ከሆነ ካርዱን ዘለኸዋል።»

ትንሽ ዝም አለ። «ቆይ መልሼ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋው። እስካሁን አልደወለም።