በኮክ ፍሬ መልክ የተሠራ የውሃ ማንጠባጠቢያ፦ ከጭቃው እስከ እቶኑ

በድሮዋ ቻይና በተማረ ሰው ጠረጴዛ ላይ ብሩሽ፣ ደረቅ ቀለም፣ ወረቀትና የቀለም መፍጫ ድንጋይ አይጠፉም ነበር። ቀለሙ ድንጋዩ ላይ በጥቂት ጠብታ ውሃ ይፈጫል፤ ውሃው ከበዛ ይቀጥናል። ጠብታዋን የምትመጥነውን ትንሽ ዕቃ የዪሺንግ ከተማ ሸክላ ሠሪዎች በፍራፍሬ፣ በሎተስና በቀርከሃ አምሳል ይሠሯት ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ18ኛው መጀመሪያ የሠራው ቼን ሚንግዩዋን በዚህ ጥበብ ስሙ የገነነ ነው። ለጀማሪ ኮክ ይሻላል፤ በቻይናም የረጅም ዕድሜ ምልክት ነው።

ብረት ያለበት፣ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ቡናማ ጭቃ ያዙ። በዝቅተኛ ሙቀት የተቃጠለ ሸክላ ውሃ ያዣል፣ ወረቀት ያበላሻል። አየሩ እስኪወጣ በደንብ እሹት፤ ከዚያ ሁለት ድቡልቡሎችን በአውራ ጣት እየቦረቦራችሁ ትንንሽ ጎድጓዳ ስሩ። ውፍረታቸው ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጠንከር ሲሉ ጠርዛቸውን በሹካ ጫሩና በውሃ በቀጠነ ጭቃ አጣብቁ።

አሁን እውነተኛ ኮክ አጠገባችሁ አስቀምጡ። ስንጥቁ ግንዱ ጋ ጥልቅ ነው፣ ወደ ጫፉ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ አንዱ ጎን ከሌላው ይበልጣል። ሁለቱን ጎኖች እኩል ካደረጋችሁ ኮክነቱ ይጠፋል። ቅጠል ከጨመራችሁ አንዲት ትብቃ።

ዋናው ነገር ቀዳዳው ነው። ጭቃ በቀጭን እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ እንጨቱን ስባችሁ አውጡ፤ ይህ ቱቦ ቅርንጫፍ መሳይ አፍ ይሆናል። የሚለጠፍበትን ቦታ አስቀድማችሁ ብሱት፣ ጫፉንም ከውሃው ወለል በላይ አቅኑት። ከዚያ ከላይ፣ ጠቋሚ ጣት በሚያርፍበት ቦታ፣ ሌላ ቀዳዳ አድርጉ። ይህን ስትደፍኑት አየር ስለማይገባ ውሃው ይቆማል፤ ስትለቁት ይንጠባጠባል። ጭቃ ሲደርቅና ሲቃጠል ስለሚኮማተር ሁለቱንም ቀዳዳ ትንሽ ሰፋ አድርጉ።

በላስቲክ ሸፍናችሁ ቀስ ብሎ ይድረቅ። የዪሺንግ ሸክላ ከ1100 እስከ 1200 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቃጠላል፤ የእናንተን ጭቃ ግን ሻጩ በነገራችሁ ሙቀት አቃጥሉ። የመስታወት ቅብ አትቀቡት፤ ውበቱ እርቃኑን ሲሆን ነው።

ለመሙላት ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ አረፋው ሲያቆም አውጡት። ላይኛውን ቀዳዳ ደፍናችሁ ድንጋዩ ላይ አዘንብሉ፣ ጣታችሁን ለአፍታ አንሱና መልሱ።