ልጅ ይዘው የተጋቡ ጥንዶች ቤት ተዘግተው ሲውሉ ጠቡን እንዴት ያብርዱት?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአዲስ አበባ ተገኘ። ትምህርት ቤቶች በቀናት ውስጥ ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ቀን በሥራና በትምህርት ተበታትኖ ማታ ብቻ ይገናኝ የነበረ ቤተሰብ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ሳሎን ውስጥ መዋል ጀመረ። የእንጀራ እናት ወይም የእንጀራ አባት ባለበት ቤት፣ ገና በመላመድ ላይ ላሉ ሰዎች፣ ይህ በጣም ከባድ ነበር። ወረርሽኙ ቢያልፍም በሕመም፣ በሰዓት እላፊ ወይም በጸጥታ ችግር ቤት መዋል ዛሬም ያጋጥማል። ምክሩ ለባልና ሚስት፣ ለሁለታችሁም ነው።

1. ልጁን የሚቆጣው ማን እንደሆነ ተስማሙ

ልጆቹ ሲተኙ ተቀመጡና ይህን ቁረጡ። ልጁን የሚገሥጸው የወለደው ወላጅ ይሁን። የእንጀራ እናት ቀኑን ሙሉ ስትቆጣ ከዋለች ልጅቷ አንድ ቀን «አንቺ እናቴ አይደለሽም» ማለቷ አይቀርም፤ ከዚያ በኋላ ሴትየዋ የምትናገረው ሁሉ እንደ ጥላቻ ይቆጠራል። ያን ጊዜ አባትየው ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ዝም ካለ ሁለቱንም ለብቻቸው ትቷቸዋል። በእንዲህ ያለ ቤት ለሚነሳው ጠብ ትልቁን ድርሻ የምሰጠው ለዝምተኛው ወላጅ ነው።

የእንጀራ ወላጅ ግን ቃሉ አይሰማ ማለት አይደለም። የቤቱን ደንብ ሁለታችሁ አውጡ፤ ለልጆቹ የሚነግራቸው ወላጃቸው ይሁን። የእንጀራ እናት ወይም አባት እንደ አክስት ወይም እንደ አጎት ያስታውሱ፦ «አባትሽ ከምሳ በኋላ ታጥና ብሏል» ይበቃል። አባት ከቤት ሲወጣም ልጆቹ ፊት «እስክመለስ እሷን ስሙ» ብሎ ይውጣ።

2. ሥራውንና ስልኩን በግልጽ አካፍሉ

በዚያ ወቅት ብዙ ትምህርት ቤቶች መልመጃ በቴሌግራም ይልኩ ነበር። ቤት ውስጥ ያለው ስልክ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ነው። ቀድሞ የሚይዘው ያንቺ ልጅ ነው ወይስ የእኔ? ልጆች እንዲህ ያለውን ይቆጥራሉ፤ ሥጋ ለማን እንደበዛ፣ ዕቃ ያጠበው ማን እንደሆነ፣ ውሃ የመጣ ቀን ጀሪካን የሞላው ማን እንደሆነ ሁሉ ይቆጥራሉ። ስለዚህ ተራውን በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ልዩነት ካለ ምክንያቱን በአፋችሁ ተናገሩ፦ «እሱ ስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ስለሆነ ነው»። ያልተነገረ ምክንያት አድልዎ ይመስላል።

3. ለእያንዳንዱ ሰው ጥግ ፈልጉ

ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የተለየ ክፍል ከየት ይመጣል? በመጋረጃ የተከለለ ፍራሽ፣ ማንም የማይነካው አንድ መሳቢያ፣ ለብቻ የሚቀመጡበት አንድ ሰዓት ይበቃል። ጎረምሳ ወይም ኮረዳ ካለ ጥንቃቄው ይጨምር፤ ሳያንኳኩ አለመግባት፣ የመታጠቢያና የልብስ መቀየሪያ ጊዜ መለየት። ይህን ለልጅቷ የምትነግራት እናቷ ትሁን።

4. ወላጅና ልጅ ለብቻ ይገናኙ

አባት ልጁን እስከ ሱቅ ይዞት ይውረድ፤ እናት ከልጇ ጋር ደረጃው ላይ ትቀመጥ። ሌላኛው እንደ ሐሜት አይይዘው። ልጁ ወላጁን እንዳልተቀማ ሲያውቅ አዲሱን ሰው ለመቀበል ይቀለዋል።

የእንጀራ ወላጅና ልጅ ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጠው «ለምን አትወደኝም?» ከሚባባሉ ይልቅ ጎን ለጎን ሆነው አንድ ነገር ይሥሩ፤ ሽንኩርት ይላጡ፣ ካርታ ይጫወቱ። «እማዬ በዪኝ» ብሎ ማስገደድ አያስፈልግም። ጋሼም ይበል፣ እትዬም ይበል፣ ልጁ የመረጠው አክብሮት ያለው ስም ይሁን። መቀራረቡ ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ አሁን በመጨናነቅ ወቅት አታጣድፉት።

5. ቤት ውስጥ የሌለውን ወላጅ አታርቁ

ጉብኝት ከተቋረጠ የስልክ ሰዓት ቁረጡ፤ ልጁ ሲያወራም አጠገቡ ቆማችሁ አታዳምጡ። ልጅ በሚሰማበት ያን ወላጅ አትሙ። የሞተ ከሆነ ፎቶው ከግድግዳው አይውረድ።

6. ጠብ ሲነሳ

«ያንተ ልጅ»፣ «ያንቺ ልጅ» አትባባሉ፤ ልጁን በስሙ ጥሩ። ተለያዩ፣ ቁጣው ሲበርድ ግን ነገሩን ሳታድበሰብሱ ተመለሱበት። ካልተቻለ በስልክም ቢሆን ሽማግሌ ጥሩ፤ የአንዳችሁ ወንድም ብቻ ሳይሆን ሁለታችሁም የምታምኑት ሰው ወይም የነፍስ አባት ይሁን።

ድብደባ ወይም ጾታዊ ጥቃት ካለ ግን ወደ ሽምግልና አትሂዱ። ልጁ የነገራችሁን እመኑ፤ በዚያው ቀን ከአጥቂው አርቁት፤ ለፖሊስ በ991 ደውሉ ወይም ወደ ወረዳችሁ የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ይዛችሁት ሂዱ።