ቤት ስቀይር ዕቃውን የቀነስኩበት መንገድ

አዲሱ ቤት ከቀድሞው በጣም ይጠባል። ሁሉም ዕቃ እንደማይገባ ግልጽ ነበር። ጭንቁ የቱ ይቅር የሚለው ነው። እያንዳንዱን እያነሱ «ያስፈልገኛል ወይ?» ማለት አያዋጣም። መልሱ ሁሌም «አዎ» ነው።

የገላገለኝ ሜትር ነው። አዲሱን ቤት ለካሁት፤ ግድግዳውን፣ የበሩን ስፋት፣ የደረጃውን መታጠፊያ ሳይቀር። ከዚያ የትልልቆቹን ዕቃዎች ልክ ከጎኑ ጻፍኩ። ሶፋው በበሩ አያልፍም። ቁም ሳጥኑ ከቆመ መስኮቱ አይከፈትም። ክርክሩ እዚያው አለቀ፤ ሁለቱም ተሸጡ።

ለትንንሾቹ ደግሞ የካርቶኑን ብዛት አስቀድሜ ወሰንኩ። ካርቶኑ ከሞላ አንድ ሳይወጣ ሌላ አይገባም። መጽሐፍ በትንሽ ካርቶን ብቻ ይታሸግ። በትልቅ ከሞላችሁት ወይ ታቹ ይቀደዳል ወይ ወገባችሁን ትታመማላችሁ።

የማይሠራ ቻርጀርና የምን እንደሆነ የማይታወቅ ገመድ ያለ ርኅራኄ ወጣ። (ያ ሁሉ ገመድ ከየት እንደመጣ እንጃ!) ፎቶና ደብዳቤ ግን መጨረሻ ላይ ይሁን። በእነሱ ከጀመራችሁ ስታዩ ስታነቡ ይመሻል።

የሚሰጠውን ዕቃ ከጭነቱ ቀን በፊት ከቤት አስወጡት። በር ጥግ ከቆየ በግርግሩ አብሮ ይጫናል።